ቀንን ከቀን ማመዛዘን፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ፋይል ማኅተመ ጊዜ

መግቢያ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፣ አሞራ ገደል በሚባለው ሥፍራ፣ የዓሣው ገበያ የሚደምቀው በማለዳ ነው። አጥማጁ መረቡን ማታ ይጥልና ንጋት ላይ ያወጣል። ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባ ሲወርድ ገዥው ይሰበሰባል፤ የሚጣለውን ሆድ ዕቃ የሚጠባበቁት አባ ኮዳዎችም ዳር ዳሩን ይቆማሉ። በዚያ ሥፍራ አንድ መዝጋቢ ቆሞ የዕለቱን ዓሣ በኮምፒዩተር ሊይዝ ፈለገ እንበል። ከሚዛኑ አስቀድሞ የሚገጥመው የቃል ጥያቄ ነው። መረቡ የተጣለው ረቡዕ ማታ፣ የወጣው ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ከሆነ፣ ዓሣው የየትኛው ቀን ዓሣ ነው? አማርኛ ተናጋሪው «ረቡዕ ሌሊት» ቢል ትክክል ነው፤ «ለሐሙስ አጥቢያ» ቢልም ትክክል ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ስለሚለውጥ፣ በአጥማጁ ዘንድ አንድ የሆነውን ሌሊት ለሁለት ይከፍለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኮምፒዩተር በፋይል ላይ የሚያሳርፈውን የጊዜ ምልክትና ቀንን ከቀን የሚያመዛዝንበትን ሥርዓት ከአገራችን የዘመን አቆጣጠር ታሪክ ጋር በማስተያየት፣ ለተርጓሚዎች የሚረዱ ቃላትን ማመልከት ነው። ዋናው ነጥብ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ቀን» የምንለው ቃል ስምን፣ ወሰንንና ቁጥርን በአንድነት ይሸከማል። ቀንን ከቀን ማመዛዘን የሚቻለው ግን በቁጥሩ ብቻ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ለይተው ያውቁት ነበር፤ ቃላቸውም እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ ከእንግሊዝኛ የምንተረጉም ሰዎች ሦስቱን ስለምናደባልቅ፣ ስሕተቱ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሳይቀር ወደ መዝገብና ወደ ሰነድ ይሸጋገራል።

የቀን ወሰን

በአገራችን ቀን የሚጀምርበት ወሰን አንድ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓል ከዋዜማው ማታ ይገባል። በሰዓት አቆጣጠራችን አንድ ተብሎ መቆጠር የሚጀመረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ስለዚህም በኮምፒዩተር፣ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። አማርኛ በእነዚህ ወሰኖች መካከል ለመንቀሳቀስ የሚያስችሉ ቃላት አሉት፤ ዋዜማ፣ አጥቢያ፣ ማግሥት፣ ሠለስት የሚሉት ሁሉ ቀንን በራሱ ሳይሆን ከሌላ ቀን ጋር ባለው ግንኙነት ይሰይማሉ። በተለይ «አጥቢያ» የሚለው ቃል ሌሊቱን ከሚነጋበት ቀን ጋር ስለሚያያይዘው፣ «ሌሊት» ብቻ ከማለት ይልቅ የጠራ ነው።

በሐዋሳ ደግሞ ሌላ አቆጣጠር ይጨመራል። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጫምባላላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የገባው፣ ቀኑ የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉ ሊቃውንት የከዋክብትን ከጨረቃ ጋር ያላቸውን አካሄድ ተመልክተው ሲያስታውቁ ነው። ሕዝቡም በጉዱማሌ አደባባይ ተሰብስቦ ያከብረዋል። መስከረም 1 ቀን ከማንኛውም ዓመት አስቀድሞ በስሌት ሊታወቅ ይችላል፤ ፊቼ ግን ታይቶና ታውጆ የሚያዝ ቀን ነው። ስለዚህ የመርሐ ግብር ጸሐፊ የመጀመሪያውን በሕግ፣ ሁለተኛውን በመዝገብ መያዝ አለበት። ተርጓሚም «የሚሰላ ቀን» እና «የሚታወጅ ቀን» ብሎ ቢለያቸው ይጠቅመዋል።

ጥንትና ቁጥር

የዱሮ ጸሐፊዎቻችን ቀንን በብዙ ምስክር ያጸኑ ነበር። በዜና መዋዕሎች ውስጥ ዓመቱ ሲጀመር ወንጌላዊው ይጠቀሳል፤ አበቅቴው ይነገራል፤ ዓመተ ዓለም ወይም ዓመተ ምሕረት ይከተላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደብዳቤዎች ላይም ወሩና ቀኑ፣ የተጻፈበት ከተማና ዓመተ ምሕረቱ በመደበኛ ቅርጽ በመጨረሻ ይሰፍሩ ነበር። የቦታው መጠቀስ ለጌጥ አልነበረም። ጊዜ ያለ ቦታ ሙሉ እንደማይሆን፣ ኮምፒዩተርም የሰዓት ክልልን ሳይጠይቅ የአካባቢን ሰዓት ሊናገር እንደማይችል ስናስብ፣ የጽሕፈት ቤቶቹ ልማድ ትክክለኛ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ ሁሉ ስም በታች ያለው ቁጥር የባሕረ ሐሳብ ሥራ ነው። ትውፊት ይህን ትምህርት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። አቆጣጠሩ የሚነሣባቸው ሦስት መነሻዎች ጥንተ ዕለት፣ ጥንተ ቀመርና ጥንተ ዮን ይባላሉ፤ በተራቸው እሑድ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ናቸው። እዚህ ላይ «ጥንት» የሚለው ቃል «የቆየ ዘመን» ማለት አይደለም፤ ቁጥር የሚነሣበት የተወሰነ ነጥብ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የኮምፒዩተር ጽሑፎች ለጊዜ ቆጠራ መነሻ የሚሰጠውን ቃል አንዳንዶች «ዘመን» ብለው ይተረጉሙታል። ዘመን ግን ርዝመት ያለው ነገር ነው፤ መነሻ ደግሞ ርዝመት የለውም። «ጥንተ ቁጥር» ብንለው ቃሉም ትርጓሜውም ከቆየው ትምህርት ይገኛል።

የውጫሌና የዓድዋ ቀን

ስምና ቁጥር ሲምታቱ የሚመጣውን ስሕተት ለመረዳት ከታሪካችን ሁለት ቀኖችን እንመልከት። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1889 ነው። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። በዛሬው የቀን መቁጠሪያ ግን ሚያዝያ 25 የሚውለው ሜይ 3፣ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። የዓድዋን በዓል የሚዘግቡ የውጭ ጽሑፎች አንዳንዴ የመጀመሪያውን፣ አንዳንዴ ሁለተኛውን ቀን የሚጽፉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜንን ስድስት ያደርጋል፤ ይህን ከቶ አያቋርጥም። የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ግን እ.ኤ.አ. በ1900 ትርፏን ቀን ስላልጨመረ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2100ም እንደገና ይሰፋል። እንግዲህ የዛሬውን ልዩነት ወስዶ በ19ኛው መቶ ዓመት ላይ የሚያውል ሰው፣ የዓድዋን ጦርነት በአንድ ቀን ያዘገየዋል።

ይህን ለማረም የሚያስፈልገው ሌላ ሰንጠረዥ ሳይሆን ቁጥር ነው። 1888 ላይ 5500 ስንደምር ዓመተ ዓለም 7388 ይሆናል። ለአራት ስናካፍለው መጠነ ራብዒቱ 1847 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 9235፤ ለሰባት ተካፍሎ 2 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ማክሰኞ ስለሆነ፣ 2 ረቡዕ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1888 ረቡዕ ዋለ ማለት ነው። ከዚያ እስከ የካቲት 23 ድረስ 172 ቀን አለ፤ ይህም 24 ሳምንት ከ4 ቀን ነው። ከረቡዕ አራት ቀን ብንቆጥር እሑድ እናገኛለን። ጦርነቱም የተደረገው እሑድ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 እሑድ፣ ማርች 2 ደግሞ ሰኞ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል።

የኮምፒዩተር ጥንተ ቁጥር

በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያ መምሪያው ጊዜን የሚቆጥረው ከዚያው ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ፣ አንዲቱን ሰከንድ ለ60 ከፍሎ ነበር። ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ 32 ቢት ስለነበረ፣ በዚህ ፍጥነት የሚበቃው 829 ቀን ለማይሞላ ጊዜ ብቻ ነበር። በኋላ ቆጠራው በሙሉ ሰከንድ እንዲሆን፣ መነሻውም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት በዓለም አቀፍ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። ዛሬ አብዛኞቹ የስክሪፕት ቋንቋዎች የፋይልን ጊዜ ሲጠየቁ የሚመልሱት ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው።

ያ ነጥብ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የታተመውም በዚያው በ1962 ዓ.ም. ነበር። በባሕረ ሐሳብ ስንመረምረው፣ 7462 እና መጠነ ራብዒቱ 1865 ተደምረው 9327 ይሆናሉ፤ ለሰባት ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 23 ያለው 112 ቀን 16 ሙሉ ሳምንት ስለሆነ፣ የኮምፒዩተሩም ጥንት ሐሙስ ይሆናል፤ ነውም። ሰዓቱ ግን በአገራችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ በአሞራ ገደል መረብ ጥሎ ላደረ ሰው ያ ነጥብ «ረቡዕ ሌሊት፣ ለሐሙስ አጥቢያ» ነበር። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ጊዜ ሁሉ የሚነሣበት ነጥብ በራሱ በአማርኛ ሁለት ስም አለው። ዜሮ የሚለው ቁጥር ግን አንድ ነው።

በ32 ቢት የተያዘው ቆጠራ የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። ይህም ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሆናል። ሰፋ ያለ ቁጥር የሚይዙ ሥርዓቶች ችግሩን አልፈውታል፤ በአሮጌው ልክ የቀሩት ግን ከዚያች ሰከንድ ቀጥሎ ያለውን ጊዜ ከጥንተ ቁጥሩ በፊት እንደነበረ አድርገው ይቆጥሩታል።

ሦስቱ ማኅተሞች

ፋይል ላይ የሚያርፈውን ምልክት «ማኅተመ ጊዜ» ብንለው፣ ማኅተም ሰነድን የሚያጸና ምልክት መሆኑ በሁሉ ዘንድ ስለሚታወቅ ተስማሚ ይሆናል። ሆኖም አንድ ፋይል የሚይዘው አንድ ማኅተም ብቻ አይደለም። በዩኒክስ ሦስት አሉ፤ በአጭር ስማቸው ኤታይም፣ ኤምታይምና ሲታይም ይባላሉ። የመጀመሪያው ፋይሉ የተነበበበት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ይዘቱ የተለወጠበት ጊዜ ነው። ተርጓሚን የሚያሰናክለው ሦስተኛው ነው። «ሲ» የሚለውን ፊደል ብዙዎች ለፍጥረት የቆመ መስሏቸው «የተፈጠረበት ጊዜ» ይሉታል። በዩኒክስ ግን ፊደሉ የቆመው ለለውጥ ነው፤ የሚያመለክተውም የፋይሉ ባለቤት፣ ፈቃድ ወይም ሌላ ሁኔታ የተለወጠበትን ጊዜ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት የብራና መጽሐፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ብራና የተጻፈበት ዘመን አለ፤ ቃሉ የታረመበት ጊዜ አለ፤ የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተተካበት ጊዜ አለ። የባለቤቱ ስም ስለ ተለወጠ መጽሐፉ ያን ጊዜ ተጻፈ የሚል አንባቢ የለም። በኮምፒዩተር ግን ይህ ስሕተት በእንግሊዝኛውም ዘንድ ተፈጽሟል፤ ፓይተን የተባለው የስክሪፕት ቋንቋ በዩኒክስ የሁኔታ ለውጥን በሚናገርበት በዚያው ስም በዊንዶውስ ላይ የፋይሉን መፈጠር ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 3.12ኛ እትሙ ለመፈጠር «የልደት ጊዜ» የሚል ትርጉም ያለው የተለየ ስም ተሰጥቶ፣ የቀድሞው አጠቃቀም እንዲቀር ተመከረ። አማርኛ ይህን ውዥንብር መውረስ አይገባውም። «የተፈጠረበት»፣ «የታረመበት»፣ «ሁኔታው የተለወጠበት»፣ «የተነበበበት» ብሎ አራቱን መለየት ይችላል።

እነዚህ ማኅተሞች የሚመሰክሩት ስለ ፋይሉ እንጂ ስለ ጽሑፉ አለመሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ አንድ ፋይል ሲቀዳ፣ የታረመበት ጊዜ እንዳለ ይቆይና የተፈጠረበት ጊዜ አዲስ ይሆናል። ስለዚህ ቅጂው ከመፈጠሩ በፊት የታረመ ይመስላል። በዩኒክስ ደግሞ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠ ቅጂው በታረመበት ቦታ የተቀዳበትን ጊዜ ይይዛል። የተነበበበት ጊዜም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ሊኑክስ በልማድ በእያንዳንዱ ንባብ ስለማያድሰው፣ ሙሉ ምስክር አይደለም። ከአንድ ትርጉም ሁለት ረቂቆች ይዞ የመጨረሻውን በማኅተሙ ብቻ የሚመርጥ ሰው፣ የታረመውን ትቶ ትናንት የተቀዳውን ያላረመውን ወደ ማተሚያ ቤት ሊልክ ይችላል።

ፊትና ኋላ፣ ትልቅና ትንሽ

ሜክ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላቦራቶሪ በስቱዋርት ፌልድማን ሲሠራ፣ ሥራው በአንድ ማመዛዘን ላይ የቆመ ነበር፤ ምንጩ ከውጤቱ በኋላ ከታረመ ውጤቱ እንደገና ይሠራ፣ ካልታረመ ይቆይ የሚል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስንጽፍ የቋንቋው ጠባይ ይፈትነናል።

«በፊት» ያለፈውን ያመለክታል፤ «ፊተኛው» ቀዳሚው ነው፤ «ወደፊት» ግን ገና የሚመጣውን ይናገራል። «በኋላ» የሚመጣውን ሲያመለክት፣ «ወደኋላ» ያለፈውን ያመለክታል። እንግዲህ «የፋይሉ ቀን ወደፊት ይደረግ» የሚል ትእዛዝ ለአንዱ ወደሚመጣው፣ ለሌላው ወደ ቀደመው ሊሆን ይችላል። «ትልቅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በሰው ዘንድ ትልቅ ማለት ቀድሞ የተወለደ ነው፤ በቁጥር ዘንድ ትልቁ ማኅተም ዘግይቶ የመጣው ነው። «ትልቅ ቀን» ቢባል ደግሞ ሕዝቡ የሚያስበው በዓልን ነው።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። «ከ30 ቀን የሚበልጡ ፋይሎች ይሰረዙ» ተብሎ ሲጻፍ የሚበልጠው ዕድሜው ነው፤ ዕድሜው የሚበልጥ ፋይል ግን የማኅተሙ ቁጥር የሚያንስ ነው። የስክሪፕቱ ጸሐፊ «ይበልጣል» የሚለውን ቃል በማኅተሙ ላይ ካዋለው፣ አሮጌው ተጠብቆ አዲሱ ይጠፋል። ስለዚህ ለማኅተም «ይቀድማል» እና «ይከተላል»፣ ለዕድሜ «ይበልጣል» እና «ያንሳል» ማለት ሁለቱን ሳያደባልቁ ለመጻፍ ያስችላል።

ሌላው ወጥመድ ቀንን በፊደሉ ማመዛዘን ነው። ቀን በጽሑፍ ሲያዝ ኮምፒዩተሩ የሚያመዛዝነው ቁጥሩን ሳይሆን የፊደሉን ተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው የዩኒኮድ እትም የግእዝ ፊደል በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ገብቷል። በዚህ ተራ ወሮቻችን ቢደረደሩ ሐምሌ ይጀምራል፤ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ነሐሴ፣ የካቲት፣ ግንቦት፣ ጥር፣ ጥቅምት እያለ በጳጉሜን ያበቃል። ኅዳርን «ህዳር» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ከሐምሌ አስቀድሞ በመጀመሪያ ያገኘዋል። የከተማዋም ስም «ሀዋሳ»፣ «ሐዋሳ» እና «አዋሳ» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ስለ አንድ ሐይቅ የተያዙ ፋይሎች በሦስት ቦታ ይበታተናሉ። ሞክሼ ፊደላትን በሥርዓት ስለ መጻፍ የቆየው ክርክር በዚህ ረገድ የአንባቢን ዓይን ብቻ ሳይሆን የመዝገብን ቅደም ተከተልም ይነካል። ቀንን በጽሑፍ መያዝ ግድ ከሆነ፣ ዓመቱን በአራት፣ ወሩንና ቀኑን በሁለት በሁለት አኃዝ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ መጻፍ ይገባል፤ ለምሳሌ 1962-04-23። እንዲህ ሲሆን የፊደሉ ተራና የጊዜው ተራ አንድ ይሆናሉ፤ 13ኛውም ወር ቦታውን ያገኛል።

ማጠቃለያ

ከላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተሉት ቃላት ለአንባብያን አስተያየት ቀርበዋል፦ ማኅተመ ጊዜ፣ በፋይል ላይ ለሚያርፍ የጊዜ ምልክት፤ ጥንተ ቁጥር፣ ቆጠራ ለሚነሣበት ነጥብ፤ የተፈጠረበት፣ የታረመበት፣ ሁኔታው የተለወጠበትና የተነበበበት፣ ለማኅተሞቹ ዓይነት፤ ይቀድማልና ይከተላል፣ ለማኅተም ማመዛዘን፤ ይበልጣልና ያንሳል፣ ለዕድሜ ብቻ። ከእነዚህ መካከል ማኅተመ ጊዜና ጥንተ ቁጥር አዲስ የተገጠሙ ቢሆኑም፣ ክፍሎቻቸው ሁሉ በሕዝብ አፍና በሊቃውንት መጽሐፍ የቆዩ ናቸው።

በአሞራ ገደል የቆመው መዝጋቢም መልሱን ከዚሁ ያገኛል። መረቡ የተጣለበትንና የወጣበትን ሁለት ጊዜዎች በቁጥር ይያዝ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስለሚከተል፣ ልዩነታቸው መረቡ በውኃ ያደረበትን ጊዜ ይነግረዋል። ለአጥማጁ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ግን «ለሐሙስ አጥቢያ» ብሎ ይጻፍለት፤ አጥማጁ ሌሊቱን በዚያ ስም ያውቀዋልና።